አፍንጫ ያልደረሰበትን መርዝ ኤሌክትሮድ ሲደርስበት

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች፣ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ፣ አዝመራው ተወቅቶ ጎታ ከገባ በኋላ ገበሬውን ሌላ ትግል ይጠብቀዋል፤ ይኸውም ከነቀዝ ጋር የሚደረገው ትግል ነው። በአገራችን ለዚህ ተግባር ከሚውሉት መድኃኒቶች አንዱ የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል ነው። እንክብሉ እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያመነጫል። ነቀዙን የሚገድለው ይህ ጋዝ ነው፤ ይሁን እንጂ ነቀዝን ከሰው ለይቶ አያውቅም። ጎታና መኝታ አንድ ጣሪያ በሚጋሩበት ቤት ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

የአደጋውን መጠን እስቲ እናስላው። 3 ግራም የሚመዝን አንድ እንክብል 1 ግራም ያህል ፎስፊን ይለቃል። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3፣ ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ጋዙ የሚቀላቀልበት አየርም በዚያው ልክ የሳሳ ነው። ጋዙ በሙሉ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ቢቀር፣ ከ1 ሚሊዮን ሞለኪውሎች 32 ያህሉ ፎስፊን ይሆናሉ። በአሜሪካ ለሠራተኞች በ8 ሰዓት የሥራ ቀን የተፈቀደው አማካይ መጠን ግን 0.3 ብቻ ነው። ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ ይበልጣል።

ታዲያ ሽታው አያስጠነቅቅምን? ንጹሕ ፎስፊን ሽታ የለውም። ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የሚመስለው ሽታ የሚመጣው አብረውት ከሚወጡ ባዕድ ውሕዶች ነው፤ እነዚህን ደግሞ እህሉ ሊመጣቸው ይችላል። ስለዚህ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም።

ኤሌክትሮኬሚስትሪ የሚደርስልን እዚህ ላይ ነው። የፎስፊን መመርመሪያው በውስጡ 3 ኤሌክትሮዶችና አሲዳማ ኤሌክትሮላይት አለው። ጋዙ ከመጀመሪያው ኤሌክትሮድ ገጽ ሲደርስ ከውኃ ጋር ተዋሕዶ ወደ ፎስፈሪክ አሲድ ይለወጣል፤ እያንዳንዱ ሞለኪውልም 8 ኤሌክትሮኖችን ይለቃል። ኤሌክትሮኖቹ በሽቦ ዞረው ወደ ሁለተኛው ኤሌክትሮድ ሲሄዱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል። ሦስተኛው ኤሌክትሮድ የመጀመሪያውን ቮልቴጅ እንዳይዋዥቅ ይጠብቃል። ጋዙ በበዛ ቁጥር ጅረቱም ስለሚጨምር፣ ጅረቱን መለካት ጋዙን መለካት ነው።

መሣሪያው ግን እንከን አያጣውም። ከእርጥብ ፍግ የሚወጣው ሃይድሮጂን ሰልፋይድም በዚያው ገጽ ላይ ኤሌክትሮን ይለቃል፤ ስለሆነም ከብት በሚያድርበት ቤት መሣሪያው ያለ ፎስፊን ሊጮኽ ይችላል። ዋጋው ለገበሬ የሚቀመስ፣ ፍግን ከፎስፊን የሚለይና የደጋውን ብርድ የሚችል መመርመሪያ መሥራት ለእናንተ ለተማሪዎች የሚገባ የምርምር ጥያቄ ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን እንክብል የገባበት እህል ባለበት ጣሪያ ሥር ሰው አይደር። አየር የማያስገቡ ባለ3 ድርብ ከረጢቶችም ነቀዝን ያለ መርዝ፣ በኦክስጅን እጦት ብቻ እንደሚገድሉ ለቤተሰቦቻችሁ ንገሩ።