ሄርማታ፦ ቡና ለቃሚዋን ሥራ የምታውላት ሞግዚት በየትኛው አዋጅ ትታያለች?

የቡናው ወቅት ደርሶ በጅማ ሄርማታ መጋዘኖች ሲከፈቱ፣ ከሚዛኑ ቀድማ የምትፈለገው ቡና ለቃሚዋ ናት። ለቃሚዋ በበኩሏ ከቤቷ ከመውጣቷ በፊት ልጇን የሚይዝላት ሰው ትፈልጋለች። ይህች ልጅ ጠባቂ አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት፣ አለዚያም ከገጠር የመጣች ልጃገረድ ስትሆን፣ በነጋዴው የወጪ መዝገብም ሆነ በመንግሥት የድጋፍ ዝርዝር ስሟ እምብዛም አይገኝም።

ሄርማታ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የታወቀ የገበያ ቦታ ነው። በጉልት ገበያ እናት ልጇን በአንቀልባ አዝላ መሸጥ ትችላለች። የገለባ አቧራ በሚጨስበት የቡና መጋዘን ግን ሕፃን ማዋል የማይታሰብ ነው። የአጋሮ፣ የማናና የሊሙ ጀንፈል ተፈልፍሎ ለለቀማ ሲቀርብ፣ ክፍያው በተለቀመው መጠን ስለሚታሰብ ልጇን የሚጠብቅላት ያጣች ለቃሚ የዕለት ገቢዋ ይቀርባታል። ጉዳቱ በእርሷ ብቻ አይቆምም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም. ቡናን በደረጃ ማገበያየት ከጀመረ ወዲህ አቅራቢው እንደሚያውቀው፣ ጥቁርና የተበላሸ ፍሬ በበዛ ቁጥር ደረጃው ይወርዳል። ለቃሚ ሲጓደል ወይ ደረጃው ይወርዳል፣ ወይ ቡናው መጋዘን ይቆያል። የባንክ ወለድ ደግሞ እሑድንም ይቆጥራል።

ከዚህ ላይ ነው የሕጉ ነገር የሚመጣው። ልጅ የመጠበቅ ሥራ አንድ ዓይነት ቢሆንም ሠራተኛዋ የምታገኘው መብት በገባችበት በር ይለያያል።

በግለሰብ ቤት የተቀጠረች ሞግዚት ከአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውጭ ናት። አዋጁ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን አውጥቶ፣ የሥራ ሁኔታው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚወሰን ይገልጻል። አነጋገሩ ለሕግ ሰዎች አዲስ አይደለም። የ1985ቱ አዋጅ ቁጥር 42 እና የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 377 ሲፈራረቁ ደንቡ ሳይወጣ ቆይቶ፣ ሦስተኛው አዋጅ ቀጠሮውን መልሶ ጻፈው። ለሞግዚቷ የቀራት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን፣ እርሱም በአሠሪው ቤት ለሚኖሩ ሠራተኞች የደነገገው ጥቂት አንቀጾችን ነው።

ያችው ሴት ፈቃድ ባለው የሕፃናት ማቆያ ብትቀጠር ታሪኩ ይለወጣል። የዓመት ፈቃድ፣ ከወሊድ በፊት 30 ከወሊድ በኋላ 90 ቀን የሚከፈልበት ዕረፍት፣ እንዲሁም ጡረታ ታገኛለች። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ አሠሪው ከደመወዝ 11 በመቶ፣ ሠራተኛዋ 7 በመቶ ያዋጣሉ። ደመወዟ 4,000 ብር ነው ብንል 440 ብር ከድርጅቱ፣ 280 ብር ከእርሷ፣ በድምሩ በወር 720 ብር ማለት ነው። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግላ 60 ዓመት ሲሞላት የወር አበል ይቆረጥላታል። በግለሰብ ቤት 20 ዓመት ልጅ ላሳደገችው ግን በዚህ ሥርዓት አንድ ወርም አይቆጠርም።

ሦስተኛው በር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያደራጁ ደንግጎ ነበር። የግሉን ዘርፍ የሚገዛው አዋጅ 1156 በበኩሉ የመጋዘን ባለቤት ማቆያ እንዲከፍት አያስገድድም። ለቢሮ ጸሐፊዋ የታሰበው ለቡና ለቃሚዋ አልታሰበም።

መንግሥት ልጅ መጠበቅን እንደ ሥራ አያውቀውም ማለት ግን አይቻልም። በገጠር ሴፍቲኔት ፕሮግራም በማኅበረሰብ ሥራ ቦታ ሕፃናትን መጠበቅ ራሱ እንደ ሥራ ተቆጥሮ ክፍያ እንዲታሰብበት መመሪያው ይፈቅዳል። ጉድጓድ ከሚቆፍረው ጋር እኩል የሚቆጠር ሥራ ከተማ ሲገባ ዋጋ ማጣቱ ግራ የሚያጋባ ነው።

ለሞግዚቷ በቅርብ የሚገኘው ሌላው የመንግሥት ድጋፍ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ እዚሁ ጅማ ዞን ያለው ሊሙ ኮሳ ነበር። የታሰበውም መደበኛ ደመወዝ ለሌላቸው ቤተሰቦች ነው። አባልነቱ በቤተሰብ ስለሆነ ጎጆ ያላት ጎረቤት በራሷ ስም ልትገባ ትችላለች። በሰው ቤት የምታድረዋ ልጃገረድ ግን የቀጣሪዋ ቤተሰብ አይደለችም፣ የራሷም ቤተሰብ ገጠር ነው።

ቡና አምራቿ ሕንድ መንገዱን ቀደም ብላ ጀምራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1951 ያወጣችው የእርሻ ልማት ሠራተኞች ሕግ 50 እና ከዚያ በላይ ሴቶች በሚሠሩበት የሻይና የቡና እርሻ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር አስገድዷል።

በሄርማታ ሕግ እስኪመጣ መጠበቅ ግዴታ አይደለም። አንድ መጋዘን ብቻውን ማቆያ ለመክፈት ወጪው ሊከብደው ይችላል። ጎን ለጎን ያሉት አምስት ስድስት ባለ መጋዘኖች ግን ገንዘብ አዋጥተው አንድ ቤት ቢከራዩ፣ ፈቃድ አውጥተው አሁን በየጓሮው ልጅ የሚይዙትን ሴቶች በደመወዝ ቢቀጥሩ፣ ከላይ የተሰላው የ440 ብር መዋጮ ለአንዲት ሞግዚት በወር የሚያስወጣቸው ተጨማሪ ዕዳ ነው። በምትኩ በወቅቱ መካከል የማይጓደል ለቃሚ ያገኛሉ። ሴቶቹም ያን ጊዜ ከፍትሐ ብሔሩ ጥቂት አንቀጾች ወጥተው አዋጅ 1156 ውስጥ ይገባሉ።

ገበያው ግን እስካሁን ሒሳቡን በዚህ መንገድ አልሠራውም። የእናቲቱ የወሊድ ፈቃድ፣ ያውም ካገኘችው፣ ልጁ 90 ቀን ሲሆነው ያበቃል። የመንግሥት ቅድመ አንደኛ ደረጃ ደግሞ ከ4 ዓመት በታች አይቀበልም። በመካከል ያሉትን ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር የምትሸፍነው ጎረቤቷ ናት።