ኩልፎን ከደመና በላይ ማየት፦ ራዳር፣ ማጣሪያና የመረጃ ውህደት

የኩልፎ ወንዝ ከጋሞ ከፍተኛ ቦታዎች ተነሥቶ የአርባ ምንጭ ከተማን ካለፈ በኋላ፣ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ደን ውስጥ ተጉዞ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። በደጋው ላይ ብርቱ ዝናብ በጣለ ጊዜ ወንዙ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊሞላ ይችላል። ለመሆኑ ውሃው ከወንዙ ወጥቶ የት ድረስ እንደ ተዛመተ ከሰማይ ሆኖ ማወቅ ይቻላልን? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ጎርፍ በሚመጣበት ወቅት ሰማዩ በደመና ይሸፈናል። በመሆኑም በፀሐይ ብርሃን ፎቶግራፍ የሚያነሡ ሳተላይቶች በተፈለጉበት ሰዓት የሚያሳዩን የደመናውን ጀርባ ብቻ ነው።

ራዳር ግን የራሱን መብራት ይዞ የሚጓዝ መሣሪያ ነው። የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ያመጠቃት ሴንቲኔል 1ኤ ሳተላይት ከምድር 693 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትዞር፣ ርዝመቱ 5.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የሬዲዮ ሞገድ ወደ መሬት ትልካለች፤ ተመልሶ የሚመጣላትንም ትመዘግባለች። የደመና ጠብታዎች ከዚህ ሞገድ ርዝመት አንጻር እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ አያግዱትም። ምስሎቿም ለሚፈልግ ሁሉ በነፃ ይሰጣሉ።

በራዳር ምስል ላይ የተረጋጋ ውሃ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሞገዱ የሚላከው ወደ ጎን ዘንበል ብሎ በመሆኑ፣ ለስላሳው የውሃ ገጽ እንደ መስተዋት ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመልሰዋል፤ ወደ ሳተላይቷ የሚመለሰው እጅግ ጥቂት ነው። ሻካራው ማሳና ቁጥቋጦው ግን ሞገዱን በየአቅጣጫው ስለሚበትኑ ደመቅ ብለው ይታያሉ። እዚህ ላይ "እንግዲያው ጥቁሩ ሁሉ ውሃ ነው" ብሎ የሚቸኩል ተማሪ አይጠፋም። የአርባ ምንጭ አውሮፕላን ማረፊያ መንደርደሪያም ለስላሳ አስፋልት ስለሆነ ጥቁር ነው። በአንጻሩ ንፋስ የሚያናውጠው የአባያ ሐይቅ ገጽ ሊደምቅ ይችላል። ከሁሉ የሚያሳስተው ደግሞ በዛፎች መካከል የተኛ ውሃ ነው። ሞገዱ መጀመሪያ በውሃው፣ ቀጥሎ በግንዱ ላይ ነጥሮ በመጣበት አቅጣጫ ስለሚመለስ፣ በጎርፍ የተዋጠው ደን ከደረቁ ደን ይልቅ ደምቆ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ በኩልፎ ደን ውስጥ ጎርፍን በጥቁረት ብቻ የሚፈልግ ሰው ጎርፉን እያየ ያልፈዋል።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። የራዳርን ምስል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው በርበሬና ጨው ተቀላቅሎ የተነሰነሰበት ይመስለዋል። ይህ መነስነስ ስፔክል ይባላል። አንዷ የምስል ነጥብ፣ ማለትም ፒክስል፣ በመሬት ላይ ብዙ ሜትሮችን ትሸፍናለች፤ በውስጧም ቅጠሎች፣ ድንጋዮችና የአፈር ጓሎች አሉ። እያንዳንዳቸው የሚመልሱት ሞገድ አንዳንዴ ጫፍ ከጫፍ ተገጣጥሞ ይበረታል፤ አንዳንዴ ጫፍ ከሸለቆ ተገናኝቶ ይጠፋፋል። ወጥ በሆነ የሙዝ ማሳ ላይ እንኳ አንዷ ፒክስል ደማቅ፣ ጎረቤቷ ጥቁር የምትሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መጠኑም ቀላል አይደለም። በአንድ ጊዜ ዕይታ የተገኘ የድምቀት ልኬት የስህተት ስፋቱ ከአማካዩ ጋር እኩል ነው። የስህተት ስፋት ስንል በስታትስቲክስ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን የሚባለውን ማለታችን ነው።

መፍትሔው አማካይ መውሰድ ነው ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ ዘጠኝ ነፃ ፒክስሎችን ብናማክል ስህተቱ በዘጠኝ ስኩዌር ሩት፣ ማለትም በ3 ይካፈላል። ነገር ግን ፒክስሎቹ 10 ሜትር ቢሆኑና 7 በ7 የሆነ መስኮት ብንጠቀም፣ ያማከልነው 70 ሜትር በ70 ሜትር የሆነ መሬት ነው። እንደ ኩልፎ ያለ ጠባብ ወንዝ በዚህ ውስጥ ይሟሟል። ምስሉ ያምራል፤ ወንዙ ግን የለም።

በአሜሪካ የባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ጆንግ ሰን ሊ እ.ኤ.አ. በ1980 ያሳተሙት ማጣሪያ ይህን ችግር የሚፈታው በአንድ አጭር ቀመር ነው፦

አዲስ ዋጋ = አማካይ + ክብደት × (ፒክስሉ − አማካይ)

ክብደቱ በ0 እና በ1 መካከል ያለ ቁጥር ነው። ማጣሪያው በመስኮቱ ውስጥ ያለውን መለያየት ይመለከታል። መለያየቱ ስፔክል ብቻውን የሚያመጣውን ያህል ከሆነ ቦታው ወጥ ስለሆነ ክብደቱ ወደ 0 ይጠጋል፤ አማካዩ ይታመናል። መለያየቱ ከዚያ ከበለጠ ግን በመስኮቱ ውስጥ አንድ እውነተኛ ነገር፣ ለምሳሌ የወንዝ ዳር፣ አለ ማለት ስለሆነ ፒክስሉ ይታመናል። አማካዩ 40 ነው እንበል። በሙዝ ማሳው መካከል 55 የሆነች ፒክስል ክብደቷ 0.1 ቢሆን 41.5 ትሆናለች፤ ስፔክሉ ጠፋ። በወንዙ ላይ ያለችው 10 የሆነች ፒክስል ክብደቷ 0.9 ቢሆን 13 ትሆናለች፤ ወንዙ ተረፈ።

ይህን ቀመር አንባቢያን በአእምሯቸው እንዲይዙልን እንጠይቃለን፤ ፍጹም ሌላ በሚመስል ጉዳይ ውስጥ እንደገና እናገኘዋለንና። ይኸውም የሚንቀሳቀስ ነገርን መከታተል ነው።

በጫሞ ዳርቻ ላይ አንድ ራዳር ተክለን ወደ አዞ ገበያ የምትሄድ ጀልባን እንከታተላለን እንበል። ጀልባዋ 1000 ሜትር ላይ ነበረች፤ በሴኮንድ 5 ሜትር ትጓዛለች። ስለዚህ ከ10 ሴኮንድ በኋላ 1050 ሜትር ላይ ትሆናለች ብለን እንተነብያለን፤ ቀዛፊው ሊታጠፍ ስለሚችል የትንበያችን የስህተት ስፋት 20 ሜትር ይሁን። ራዳሩ ግን 1080 ሜትር አለን፤ የእርሱ ስህተት 10 ሜትር ነው። ማንን እንመን? በቡዳፔስት የተወለዱት ሩዶልፍ ካልማን እ.ኤ.አ. በ1960 የሰጡት መልስ፣ በኋላም የአፖሎ መንኮራኩሮችን ወደ ጨረቃ በመምራት ያገለገለው፣ እንዲህ ይላል፦

አዲስ ግምት = ትንበያ + ክብደት × (ልኬት − ትንበያ)

ክብደቱ የትንበያው ስህተት ካሬ ለሁለቱ ካሬዎች ድምር ሲካፈል የሚገኘው ነው፦ 400 ለ500፣ ማለትም 0.8። ግምታችን 1050 + 0.8 × 30 = 1074 ሜትር ይሆናል። የአዲሱ ግምት ስህተት ካሬ 0.2 × 400 = 80 ስለሆነ ስፋቱ 9 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ከትንበያውም ከራዳሩም ያነሰ ነው። ሁለት ደካማ ምስክሮች በአግባቡ ከተመዘኑ ከእያንዳንዳቸው የተሻለ እውቀት ይሰጣሉ። የመረጃ ውህደት የሚባለውም ከዚህ ሌላ አይደለም፤ ሦስተኛ መሣሪያ ሲጨመር ያንኑ ቀመር ከ1074 ተነሥተን እንደግማለን። ራዳር ርቀትን፣ ካሜራ ደግሞ አቅጣጫን አጥርተው ስለሚለኩ በተለይ ተስማሚ ጥንዶች ናቸው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ትልቅ ጥንቃቄ አለ። ሁለት ሰዎች ገበያ ላይ ከአንድ ሰው የሰሙትን ወሬ ቢነግሩን፣ ሁለት ምስክር አገኘን ልንል አንችልም። ሁለት መሣሪያዎች ከአንድ ምንጭ የቀዱትን መረጃ እንደ ነፃ ምስክሮች የሚደምር ሥርዓት ስህተቱ ሳይቀንስ እርግጠኛነቱ ብቻ ይጨምራል። ከመጠን ያለፈ እርግጠኛነት ደግሞ ማጣሪያን ያደነቁራል። ከላይ ባለው ምሳሌ የትንበያችን ስህተት 20 ሳይሆን 1 ሜትር ነው ብለን ብንመካ፣ ክብደቱ ወደ 0.01 ይወርድና ግምታችን ከ1050 እምብዛም አይነቃነቅም። ጀልባዋ ትሄዳለች፤ እኛ ባዶ ውሃ እንከታተላለን።

ከዚህም የሚከብደው ልኬቱ የማን እንደሆነ መለየት ነው። ጀልባዋ አጠገብ ጉማሬ ብቅ ቢል ራዳሩ ሁለት ነጥቦች ያያል። ማጣሪያው ለትንበያው የቀረበውን ይመርጣል፤ ያም ጉማሬው ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ቀመሩ የጀልባዋን ስም ለጉማሬው ሰጥቶ በሙሉ ልብ ይቀጥላል። ከጉማሬው ወጣ ብለን ስናስበው ነገሩ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2011 ዋሽንግተን ፖስት እንደ ዘገበው የአሜሪካ አየር ኃይል ሪፐር የተባሉ ሰው አልባ አውሮፕላኖችን ከአርባ ምንጭ ያበር ነበር፤ በረራው ለቅኝት ብቻ እንደሆነም ተገልጿል። ሥራው መቆሙ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ነው። ሪፐር ከካሜራው ሌላ በመሬት ላይ የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪን ሊለይ የሚችል ራዳር ይሸከማል። ያም ራዳር ምስሉን የሚያጠራው፣ ተሽከርካሪውን የሚከታተለው ከላይ ባየነው ዓይነት ስሌት ነው። በመስቀለኛ መንገድ ላይ ሁለት መኪናዎች ሲተላለፉ ስሌቱ የቦታውን ስህተት በሜትር ይነግረናል፤ በመኪናው ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ ግን በየትኛውም መስመሩ ላይ አልተጻፈም። በእኛ አስተያየት ይህ ልዩነት በፊዚክስ ክፍል ውስጥ መነገር ያለበት ነው፤ ለሕግ ትምህርት ክፍል ብቻ የሚተው አይደለም።

ወደ ኩልፎ እንመለስ። አንዲት ሴንቲኔል በተመሳሳይ መንገድ ደግማ የምታልፈው በ12 ቀን አንድ ጊዜ ነው። የኩልፎ ደራሽ ጎርፍ ደግሞ በሰዓታት ይመጣል፤ ይሄዳልም። ስለዚህ ምስሉ ብቻውን ማስጠንቀቂያ ሊሆን አይችልም። በደጋው የዝናብ መለኪያ፣ በወንዙ ዳር የውሃ ከፍታ መለኪያ፣ በመካከላቸውም ዝናቡ ስንት ሰዓት ቆይቶ ከተማው እንደሚደርስ የሚተነብይ ስሌት ያስፈልጋል። ትንበያው በየሰዓቱ ይሠራል፤ የወንዙ መለኪያ ያርመዋል፤ ሳተላይቷ ባለፈች ቀን ደግሞ ውሃው የተኛበትን ስፋት በማሳየት ሁለቱን ትፈትናለች። መለኪያው በጎርፍ ተወስዶ ዝም ካለ ክብደቱን 0 ማድረግ ይገባል፤ የመጨረሻውን ንባብ እየደገሙ እንደ አዲስ ልኬት መስጠት ግን ሞልቶ የሚመጣውን ወንዝ የተረጋጋ አስመስሎ ያሳያል።

ለተማሪዎች አንድ መልመጃ እንተዋለን። ጀልባዋን 1074 ሜትር ላይ፣ በስህተት ካሬ 80 ትተናታል። አሁን ሁለተኛ መሣሪያ 1069 ሜትር አለ፤ የስህተቱ ካሬ 20 ነው። አዲሱን ግምትና ስህተቱን ፈልጉ። ከዚያም ይኸው መሣሪያ ንባቡን ሳይለውጥ ሁለት ጊዜ ቢልክላችሁና ሁለቱንም ብትደምሩ፣ የስህተቱ ስፋት ስንት ሜትር ሆኖ እንደሚታያችሁና በእውነቱ ስንት እንደሆነ አነጻጽሩ።