የካዛንቺስ አዝማሪና የቴአትራችን አጀማመር

የቴአትራችን ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከ1913 ዓ.ም. ገደማ ነው። በሩሲያ የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ በከተማው «ቴአትር» የሚባለው ዘፈን፥ ጭፈራና ቀልድ ብቻ መሆኑ ቅር ቢያሰኛቸው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጻፉ። ከላ ፎንቴን ተረቶች በተወሰዱ አውሬዎች ስም የዘመኑን አስተዳደር ተቹበት። ጨዋታው በቴራስ ሆቴል ታየ፤ ነገሩ የገባው የንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ግን ከለከለው።

እኛ ደግሞ ያንኑ የተናቀ ዘፈንና ቀልድ ጠጋ ብለን ልናየው ወደድን። ለዚህ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከሚገኘው ከካዛንቺስ የተሻለ ስፍራ አልነበረም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ካሠራቸው ቤቶች ሲሆን፥ ኋላ ፈንድቃን የመሰሉ አዝማሪ ቤቶች በሌላ አስጠሩት።

አዝማሪው መሰንቆውን እየገዘገዘ በእንግዶች መካከል ይዞራል። የአንዱን ከረባት፥ የሌላውን ራሰ በራነት አይቶ እዚያው በግጥም ያነሣዋል። የተነካው እንግዳ ዝም አይልም፤ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፥ አዝማሪውም ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። እንግዲህ ደራሲው ማን ነው? ተመልካቹስ?

ሳቁ የሚፈላው ከኅብረ ቃል ነው። «ቢሰጥም» የምትለውን ቃል እንውሰድ። ባለገንዘቡ «ብር ቢሰጥም» ሲል ይሰማታል፤ ጎረቤቱ ግን «ባሕር ውስጥ ቢሰጥም» ብሎ ይተረጉማትና ሆዱን ይዞ ይስቃል። ባለገንዘቡም የሚሳቅበት እሱ መሆኑን ሳያውቅ ብሩን በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል!

መድረኩም ቢሆን ከዚህ አልራቀም። የቅኔው ሊቅ ዮፍታሔ ንጉሤ ተውኔቶቹን በመዝሙር ሞላቸው። መኮንን ሀብተ ወልድ በ1927 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሀገር ፍቅር ማኅበርም ከነጻነት በኋላ ዘፈኑን፥ ውዝዋዜውንና አጫጭር ቀልዱን ከቴአትሩ ጋር በአንድ መድረክ አሳየ። ፊታውራሪ ሊለዩት የፈለጉት ነገር ተመልሶ በዋናው በር ገባ ማለት ነው።

በ2017 ዓ.ም. አብዛኛው ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ፈረሰ፤ የፈንድቃ ቤትም አብሮ ሄደ። «አዝማሪው ሌላ አዳራሽ ይዘፍናል» የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፥ ይዘፍናል። ነገር ግን «ፋቡላ» በወረቀት የሰፈረ ሥራ ነበር፤ የአዝማሪው ግጥም የሚወለደው የእንግዳውን ፊት በክንድ ርቀት ሲያይ ነው። በትልቅ አዳራሽ፥ በድምፅ ማጉያ ፊት፥ ከአሥረኛው ረድፍ «ተቀበል!» ያለውን ሰው ማን ይሰማዋል?