ለገና የሚላክ ቋጠሮ፦ ቡናው፣ ማሩ፣ ቅቤውና ቆጮው መንገድ ላይ እንዳይበላሽ ምን እናድርግ?

በወረቀት የተጠቀለለ የገና ስጦታ ለአብዛኞቻችን ከከተማ የመጣ አዲስ ልማድ ነው። ባዶ እጅ ዘመድ ቤት አለመሄድ ግን የቆየ ነው። ታኅሣሥ ሲጋመስ ከገጠር ወደ ከተማ የሚሄድ መኪና ጣሪያው ላይ የሚጫነውን ብቻ አይታችሁ ገና መድረሱን ትገምታላችሁ፦ ጆንያ፣ ጀሪካን፣ በኮባ የተጠቀለለ፣ በፌስታል የታሰረ። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ቋጠሮ ነው። ቤት ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚላክ ምግብ አንዱ ለወራት ሲቆይ ሌላው በሳምንቱ የሚሻግተው ለምን ይመስላችኋል? መሻገት ብቻ ቢሆን ይጣል ነበር። አንዳንዱ ግን ምንም ሳይሸትና ሳይለወጥ ሰው ይጎዳል።

ምሳሌ የምናደርገው ባንኮ ጎቲቲን ነው። ከዲላ ወደ ደቡብ ይርጋጨፌን አልፎ፣ በጌዴኦ ዞን ጌዴብ ወረዳ የሚገኝ ቀበሌ ነው። ስሙ በቡና ነጋዴዎች ዘንድ እስከ ውጭ አገር ይታወቃል። የጌዴኦ ጓሮ እንደ ፎቅ ቤት የተደራረበ ነው፤ ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥር እንሰት፣ በመካከሉ ቡና። ይህ አሠራር የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ተብሎ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ቡናው፣ ቆጮው፣ አንዳንዴም ማሩና ቅቤው ከአንድ ግቢ ይወጣሉ። ዲላ ራሷ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። እንግዲህ ቋጠሮው ደጋ ላይ ታስሮ፣ ቆላ ወርዶ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ፣ አዲስ አበባ ገብቶ ከዚያም ቁም ሣጥን ውስጥ ሊከርም ነው።

መጀመሪያ፦ ውኃው የት ነው ያለው?

ምግብ የሚያበላሹት ባክቴሪያ፣ ሻጋታና እርሾ ሁሉም ውኃ ይፈልጋሉ። ግን ምግቡ ውስጥ ያለው ውኃ ሁሉ አያገለግላቸውም፤ የሚጠቅማቸው ከጨው፣ ከስኳር ወይም ከሌላ ነገር ጋር ያልተያያዘው “ነፃ ውኃ” ነው። የምግብ ሳይንስ ይህንን ከ0 እስከ 1 ባለው ልኬት ይለካዋል። ንጹሕ ውኃ 1 ነው። ጥሬ ሥጋ 0.99 አካባቢ ነው። ልኬቱ ከ0.9 በታች ሲወርድ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች መራባት ያቆማሉ፤ ከ0.8 በታች አብዛኛው ሻጋታ ይቸገራል፤ ከ0.6 በታች ምንም ዓይነት ተሕዋስ አይራባም።

ስለዚህ ስጦታ ስታዘጋጁ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ የዚህ ምግብ ውኃ የት ገባ? ቡናና ዳቦ ቆሎ ላይ በማድረቅ ወጥቷል። ማር ላይ ስኳሩ አስሮታል። ንጥር ቅቤ ላይ ተንኖ አልቋል። ቆጮ ላይ ግን ውኃው አለ፤ እሱን የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው።

ቡና፦ ገና የሚውለው በለቀማ መካከል ነው

የጌዴኦ ቡና ለቀማ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይካሄዳል። ይኼ ለስጦታ ደስ የሚልም አደገኛም ነው። ደስ የሚለው የዘንድሮ ቡና መላክ መቻሉ ነው። አደጋው ደግሞ ያልደረቀ ቡና በችኮላ መቋጠሩ ነው።

በፍሬው እንዳለ አልጋ ላይ የሚደርቅ ቡና እንደ አየሩ ሁኔታ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ደጋው ላይ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይቸኩልም። ዝግጁ የሚሆነው በውስጡ ያለው እርጥበት ከ11 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ ነው። እንግዲህ ቁጠሩት፦ ለታኅሣሥ 29 እንዲደርስ የሚፈለግ ቡና እስከ ኅዳር አጋማሽ ቢለቀም ይመረጣል። ከዚያ በኋላ የተለቀመው ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ይቆይ።

መለኪያ መሣሪያ ከሌለስ? ጀንፈሉን በእጃችሁ ስታንቀሳቅሱት ፍሬው ውስጡ መንኳኳት አለበት። ወቅጣችሁ በሰፌድ ካነፈሳችሁት በኋላ አንዷን ፍሬ በጥርስ ንከሷት፤ የጥርስ ምልክት ተቀብላ ከተጎደጎደች ገና ናት፤ ጠንክራ ቀጭ ካለች ደርቃለች። ይህ ዘዴ ቁጥር አይሰጥም፤ እርጥቡን ከደረቁ ለመለየት ግን ያገለግላል።

እርጥብ ቡና በፌስታል ቢታሰር ምን ይሆናል? ቀን ሲሞቅ ከፍሬው የወጣው እርጥበት ሌሊት ሲቀዘቅዝ የፌስታሉ ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ጤዛውም ተመልሶ ቡናው ላይ ይንጠባጠባል። ሻጋታ የሚጀምረው እዚያ ነው። አንዳንዱ የሻጋታ ዓይነት ኦክራቶክሲን ኤ የሚባል ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ ያመርታል። “ሲቆላ ይሞታል” የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ሻጋታው ይሞታል። መርዙ ግን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ቆልተን የምናስወግደው የተወሰነውን ብቻ ነው። ስለዚህ ጥሬ ቡና የሚተነፍስ ጨርቅ ወይም የጆንያ ከረጢት ውስጥ ይግባ።

ቆልቶ መላክስ? ይቻላል፣ ግን ሁለት ነገር እወቁ። 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከ150 እስከ 200 ግራም ክብደቱን ያጣል፤ ስለዚህ 800 ግራም ቢቀራችሁ የሰረቀ የለም። ሌላው፣ የተቆላ ቡና ለቀናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ትኩሱን አየር በማያስወጣ ከረጢት ብትዘጉት ይነፋል፤ ሊፈነዳም ይችላል። አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን አስተንፍሱትና ዝጉት። የተፈጨው ደግሞ አየር የሚያገኘው ገጽታው ስለሚበዛ ሽታው በቶሎ ይሄዳል። ጥሬው ወራት ይቆያል፣ የተቆላው ሳምንታት፣ የተፈጨው ቀናት። ተቀባዩ ቤት መቁያ ካለ ጥሬውን መላክ ይሻላል።

ማር፦ የረጋ ማር ሁሉ ስኳር የገባበት አይደለም

ብዙ ሰው የተላከለት ማር ሲረጋበት “ስኳር ጨምረውበታል” ብሎ ላኪውን ያማል። ኧረ ተዉ! ማር ከሚሟሟው በላይ ግሉኮስ የያዘ ፈሳሽ ስለሆነ ቀን ሲቆይ፣ በተለይ ብርድ ሲያገኘው፣ ግሉኮሱ ተለይቶ ይረጋል። ንጹሕ ማርም ይረጋል። ዕቃውን ለብ ባለ፣ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም በማያልፍ ውኃ ውስጥ ማቆየት ይመልሰዋል።

ማር የማይበላሸው ውኃው ከ20 በመቶ በታች ስለሆነ፣ እሱንም ስኳሩ ስላሰረው ነው። በዚያ ላይ አሲድነት አለው። ውኃው ሲጨምር እርሾ ይነሣል፤ አረፋ ያወጣል፣ ይኮመጥጣል። ጠጅ የምንጥለው እኮ ይህንኑ ሆን ብለን ነው! እንግዲህ ለስጦታ የሚሆነው ንቦቹ በሰም የከደኑት እንጀራ ማር ነው፤ ያልተከደነው ገና አልደረሰም። የምትገለብጡበት ጠርሙስ ውስጥ አንዲት ጠብታ ውኃ እንዳትቀር።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ፦ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር አይሰጥም፤ በጣት ማላስም ቢሆን። ማር ውስጥ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ ዘር መሰል ክፍል (ስፖር) ሊኖር ይችላል። ማሩ ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፤ ትልቅ ሰው ቢበላው ምንም አይሆንም። የሕፃን አንጀት ግን ገና የራሱ ጥሩ ባክቴሪያዎች ስላልሞሉት ስፖሩ ነቅቶ መርዝ ያመርታል። ልጁ ይደርቅበታል፣ ለቅሶው ይደክማል፣ ጡት መጥባት ያቅተዋል፣ ሰውነቱ ይዝላል። እነዚህን ምልክቶች ካያችሁ በፍጥነት ወደ ሐኪም ውሰዱት። ማሩን አፍልቶ መስጠትም መፍትሔ አይሆንም፤ ይህን ስፖር ለመግደል 121 ዲግሪ ያህል በግፊት የታገዘ ሙቀት ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል፤ 2000 ሜትር ላይ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ገና ላይ አያት ለአራስ ልጅ ማር ማቅመስ በፈለጉ ጊዜ ይህን በትሕትና ማስረዳት የቤቱ ሰው ድርሻ ነው።

ንጥር ቅቤ፦ ድምፁን አዳምጡ

የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቶ በገና ይፈታል። በጾሙ ወቅት የተናጠው ቅቤ ስለሚጠራቀም ለዶሮው ተነጥሮ መላኩ ደንበኛ ነገር ነው። ጥሬ ቅቤ ውስጥ ስብ 80 በመቶ ያህል ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ውኃ ሲሆን ጥቂት የወተት ፕሮቲንና ስኳርም አለበት። ቅቤ እንዲከረፋ የሚያደርጉት አንደኛ ውኃውና እዚያ ውስጥ ያሉት ተሕዋስያን፣ ሁለተኛ አየርና ብርሃን ናቸው። ማንጠር የመጀመሪያውን ጠላት ያስወግዳል።

መቼ ነው የነጠረው? ቅቤው ሲቀልጥ የሚንጣጣው ውኃው እየተነነ ስለሆነ ነው። መንጣጣቱ ጋብ ሲል፣ አረፋው ሲያልቅና ከሥር ያለው ዝቃጭ ወርቃማ መልክ ሲይዝ ውኃው አልቋል ማለት ነው። እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም፣ በለዘብታ እሳት ይሁን።

ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የሚጨምር ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። ነጭ ሽንኩርት ከአፈር ስለሚወጣ ያው ከላይ ያልነው የቦቱሊነም ስፖር ሊኖርበት ይችላል። ስፖሩ እርጥበት ሲያገኝ፣ አየር ሲያጣና አሲድ ሳይኖር ሲቀር ይነቃል፤ ስብ ውስጥ የሰጠመ እርጥብ ነጭ ሽንኩርት እነዚህን ሦስቱንም ያሟላል። በ1985 እ.ኤ.አ. በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ ዘይት ውስጥ የተቀመጠ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ከ30 በላይ ሰዎችን በዚሁ መርዝ አሳሟል። መርዙ ሽታም ጣዕምም የለውም። የእናቶቻችን አነጣጠር መፍትሔውን ይዟል፦ ሽንኩርቱ እስኪደርቅ አብስሎ በደንብ ማጥለል። ስለዚህ “ለጣዕም” ብላችሁ እርጥብ ስብርባሪ አታስቀሩበት።

ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው፣ እርዱ ሽታ ብቻ አይደሉም፤ የስብን መከርፋት የሚያዘገዩ ውሁዶች አሏቸው። ያልወጣን ውኃ ግን አይተኩም። ትኩስ ቅቤ በሃይላንድ ጠርሙስ አትገልብጡ፤ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል። ንጹሕና ደረቅ ብርጭቆ ዕቃ ምረጡ፤ ሙሉ አድርጋችሁ ጨለማ ቦታ አኑሩት። ሲጨለፍም በደረቅ ማንኪያ ይሁን።

ቆጮና ቡላ፦ እርጥብ ሆኖ የሚቆየው እንዴት ነው?

ቆጮ እርጥብ ነው፤ ሆኖም ለወራት ይቆያል። የሚጠብቀው አሲድ ነው። ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የቆጮ ብላት ጥናት ሥራውን የሚጀምሩት እንደ ሉኮኖስቶክ ያሉ ባክቴሪያዎች እንደሆኑና ፒኤቹን ከ6.5 ወደ 5.6 እንደሚያወርዱት፣ ከዚያ ላክቶባሲለሶች ተረክበው እስከ 4.2 እንደሚያደርሱት አሳይተዋል። (ፒኤች ሲቀንስ አሲድነት ይጨምራል።) የቦቱሊነም ባክቴሪያ ደግሞ ከ4.6 በታች መራባት አይችልም። ይህ ሁሉ የሆነው የፒኤች መለኪያ ሳይታወቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ በእንሰት ቅጠል ነው።

ለጉዞ ሲዘጋጅ በደንብ ጨምቁት፣ አየር እንዳይቀር ጠቅጥቃችሁ በኮባ ጠቅልሉት። ሻጋታ የሚወጣው አየር በሚያገኘው ገጹ ላይ ነውና። ኮምጣጣ ሽታ የብላቱ ጠባይ ነው፤ ባለቀለም ሻጋታ ግን አይደለም። ቡላ ከላካችሁ ወይ እንደ ቆጮው እርጥቡን፣ ወይ ዱቄት እስኪሆን አድርቃችሁ ላኩት። ግማሽ እርጥብ የሆነው ከሁሉም ይብሳል።

ዳቦ ቆሎና ቆሎ

ዳቦ ቆሎ ከውጭ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ከምጣዱ ስታወጡት ትልቁን ፍሬ ስበሩት፤ ውስጡ ከለሰለሰ ይመለስ። ሳይበርድ አትክደኑት፤ እንፋሎቱ ያረጥበዋል። ቆሎው ላይ ኦቾሎኒ ከጨመራችሁ የተጨማደደውን፣ የጠቆረውንና የሻገተውን አንድ በአንድ ልቀሙ። በኦቾሎኒ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመርተው አፍላቶክሲን በጉበት ካንሰር የሚታወቅ መርዝ ነው፤ እሱም በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ከመቋጠራችሁ በፊት

• እስከ ኅዳር አጋማሽ የተለቀመውን ቡና ለዩ፤ በጥርስ ፈትኑ።
• ገና ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቅቤውን አንጥሩ። ዳቦ ቆሎው ለመጨረሻው ሳምንት ይቆይ።
• ዕቃዎቹን ሁሉ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ ፍጹም አድርቁ።
• በየዕቃው ላይ ምን እንደሆነና የተዘጋጀበትን ቀን ጻፉ። ማሩ ላይ “ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም” በሉበት።
• ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሄድ ሰው ካለ ቅቤ አታሲዙት፤ መንገደኛ የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ሕጉ ስለሚከለክል ኤርፖርት ላይ ይወሰድበታል። ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል።

ከእነዚህ ውስጥ አዲስ ዕቃ መግዛት የሚጠይቅ የለም። አብዛኛው እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው፤ ምክንያቱን ማወቅ የሚጠቅመው የትኛውን እርምጃ መዝለል እንደማይቻል ስለሚነግረን ነው። መልካም የገና በዓል!