ሳይጫወቱ የተወሰደ ዋንጫ፤ የ1967ቱ የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ውድድር

የእግር ኳስ ነገር በተነሣ ቁጥር በምግብ አዳራሹም ሆነ በመኝታ ቤቱ የማይከራከር ተማሪ የለም። ማን አገባ፣ ማን ሳተ፣ ዳኛው ለማን አደላ እየተባለ እስከ እኩለ ሌሊት ሙግት ይደረጋል። ዳሩ ግን አንድ ውድድር በምን ደንብ እንደሚመራ፣ ሁለት ቡድኖች እኩል ለእኩል በወጡ ጊዜም አሸናፊው በምን እንደሚለይ ጠይቆ የሚረዳ እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ በ1967 እንዴት እንደ ተፈጸመ እናስረዳለን፤ የዚያ ዓመት ዋንጫ በመጨረሻ ባለቤቱን ያገኘው በእግር ሳይሆን በጽሕፈት ቤት ነውና። ውድድሮቹ በዓለም የሚታወቁት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ስለ ሆነ፣ ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በዚያው እንጽፋለን።

በመጀመሪያ ስለ ውድድሩ አመጣጥ ጥቂት እንበል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1957 ካርቱም ላይ ሲቋቋም ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አገሮች አንዷ ነበረች፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማም በዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሣ ሰው ናቸው። ያን ጊዜ የተጀመረው የብሔራዊ ቡድኖች ዋንጫ ነው። የየአገሩ ሻምፒዮን ክለቦች እርስ በርሳቸው የሚወዳደሩበት ዋንጫ ግን እስከ 1964 ድረስ አልተጀመረም። የመጀመሪያው ውድድር መደምደሚያ በፌብሩዋሪ 1965 አክራ ላይ ሲደረግ አራት ቡድኖች ቀርተው ነበር፤ እነርሱም የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ፣ የማሊው ስታድ ማልየን፣ የጋናው ሪያል ሪፐብሊካንስና የእኛው የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ናቸው። የድሬዳዋ ልጆች በስታድ ማልየን 3 ለ 1 ተሸንፈው ቀሩ። ኦሪክስም ስታድ ማልየንን 2 ለ 1 አሸንፎ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደ።

ይህ አሠራር፣ ማለትም የመጨረሻዎቹን ቡድኖች በአንድ ከተማ ሰብስቦ ማጫወት፣ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥቅሙ ነገሩ ቶሎ ማለቁ ነው፤ በዘጠና ደቂቃ ካልለየ ተጨማሪ ሰዓት ይጨመራል። ጉዳቱ ግን አስተናጋጁ አገር በሜዳውና በሕዝቡ ፊት ሲጫወት እንግዳው ብቻውን መሆኑ ነው። በ1966 የፍጻሜው ግጥሚያ በደርሶ መልስ ሆነ። ይኸውም አንዱ ቡድን በሌላው አገር፣ ሌላውም በዚያኛው አገር ከተጫወተ በኋላ የሁለቱ ቀን ጎሎች ተደምረው አሸናፊው ይለያል ማለት ነው። ፍትሐዊ አሠራር መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ከኋላው አስከትሎ መጣ፤ ድምሩ እኩል ቢሆንስ?

ጥያቄው መልስ የፈለገው ወዲያው በሚቀጥለው ዓመት ነው። በ1967 ለፍጻሜ የደረሱት ሁለቱ ቡድኖች የጋናው አሻንቴ ኮቶኮና የኮንጎው ቲ ፒ ኤንግልበርት ነበሩ። ኮቶኮ የኩማሲ ከተማ ቡድን ነው፤ ስሙ ጃርት ማለት ሲሆን፣ አንዱ እሾህ ቢነቀል ሌላው የሚበቅልበት ይህ እንስሳ የአሻንቴ ሕዝብ የጀግንነት ምልክት ነው። ኤንግልበርት ደግሞ የማዕድን ከተማ የሆነችው የሉቡምባሺ ቡድን ነው። በ1939 በቤኔዲክት መነኮሳት የተቋቋመ ሲሆን፣ በኋላ የአንድ የመኪና ጎማ ኩባንያን ስም ወሰደ። በፊቱ ያሉት ሁለት ፊደሎች ትርጉማቸው «ሁሉን ቻይ» ነው፤ ለፈጣሪ ብቻ የሚገባውን ስም ለኳስ ተጫዋች መስጠት ድፍረት ቢመስልም፣ ቡድኑ ይህን ቅጽል ያገኘው በ1966 አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሸነፍ የአገሩ ሻምፒዮን በመሆኑ ነው ይባላል።

የጊዜውንም ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። ጋና ፕሬዚዳንት ንክሩማ በፌብሩዋሪ 1966 ከወረዱ ወዲህ በወታደሮች ትተዳደር ነበር። በኮንጎ ምሥራቃዊ ክፍል ከጁላይ 1967 ጀምሮ ቅጥረኛ ወታደሮች አምፀው ሲዋጉ ቈይተው፣ ድንበር ተሻግረው ወደ ሩዋንዳ የወጡት ልክ የፍጻሜው ግጥሚያ በሚደረግበት በኖቬምበር ወር ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለት ክለቦች በአህጉሩ ላይ ተመላልሰው ኳስ መጫወታቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነበር።

የመጀመሪያው ግጥሚያ ኖቬምበር 19 ቀን ኩማሲ ላይ ተደርጎ 1 ለ 1 አለቀ። ከሳምንት በኋላ ኖቬምበር 26 ቀን ቡድኖቹ ኪንሻሳ ላይ ተገናኙ። ኪንሻሳ ከሉቡምባሺ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ ለኤንግልበርት ተጫዋቾች የአገራቸው ዋና ከተማ እንጂ የሰፈራቸው ሜዳ አልነበረችም። ይህኛውም ግጥሚያ 2 ለ 2 ሆነ። ድምሩ 3 ለ 3 ነው። ሁለቱም ቡድኖች አልተሸነፉም፤ ሁለቱም አላሸነፉም።

እንዲህ ያለ እኩልነት ሲደርስ በዚያ ዘመን በዓለም ላይ የሚታወቁት መፍትሔዎች ሦስት ነበሩ። የመጀመሪያው ዕጣ ነው። በማርች 1965 ሊቨርፑልና ኮሎኝ በአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ሦስት ጊዜ ተጋጥመው ሳይለዩ ስለ ቀሩ፣ ሮተርዳም ላይ ዳኛው ባለ ሁለት ቀለም ክብ ነገር ወደ ላይ ወረወረ። የወረወረው ነገር ጭቃው ውስጥ በጠርዙ ተተክሎ ቆመ! እንደ ገና ተወርውሮ ለሊቨርፑል ወጣለት። በጁን 1968ም ኢጣልያና ሶቪየት ኅብረት በአውሮፓ አገሮች ዋንጫ ናፖሊ ላይ ያለ ጎል ስለ ተለያዩ፣ ኢጣልያ ለፍጻሜ ያለፈችው ልጆች ዘውድ ወይስ ጎፈር እያሉ እንደሚጫወቱት በሳንቲም ነው።

ሁለተኛው መፍትሔ በሰው አገር የገባን ጎል አብልጦ መቍጠር ነው። አውሮፓውያን ይህን በ1965 በዋንጫ አሸናፊዎች ውድድር ጀመሩት፤ በ2021 ደግሞ ራሳቸው ሻሩት። ሦስተኛው በገለልተኛ አገር ሌላ ግጥሚያ ማድረግ ነው። ዛሬ ሁላችንም የለመድነው የፔናልቲ ምት በዓለም አቀፍ ደንብ የገባው በጁን 1970 ስለ ሆነ በ1967 ገና በዚያ ደንብ ውስጥ አልነበረም።

ለኮቶኮና ለኤንግልበርት የተመረጠው ሦስተኛው መንገድ ነው። ዲሴምበር 27 ቀን በካሜሩን ምድር እንዲጋጠሙ ተወሰነ። ከሦስቱ ሁሉ ለስፖርት የሚስማማው ይኸው መሆኑን እኛም እናምናለን፤ ነገሩ እንደ ገና ለተጫዋቾቹ እግር ይመለሳልና። ዳሩ ግን ይህ መፍትሔ ከሌሎቹ የበለጠ ድካም ይጠይቃል። ሳንቲም ለመወርወር አንድ ዳኛ ይበቃል፤ ሦስተኛ ግጥሚያ ለማድረግ ግን ደብዳቤ፣ አውሮፕላን፣ ሜዳ፣ ገንዘብና የሦስት አገሮች ስምምነት ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ደግሞ ከአንዱ የአፍሪካ ዋና ከተማ ወደ ሌላው የሚደረግ የስልክ ንግግር ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በለንደን ወይም በፓሪስ በኩል ነበር።

ቀኑ ሲደርስ ኤንግልበርት ካሜሩን ተገኘ። ኮቶኮ አልመጣም። የሚያስገርመው ያልመጣበት ምክንያት ነው፤ የጋና እግር ኳስ ማኅበር የተላከለትን መልእክት ለክለቡ በጊዜው አላስተላለፈም ተብሎ ተመዝግቧል። እንግዲህ መልእክቱ የአገሮችን ድንበር ሁሉ ተሻግሮ ከደረሰ በኋላ፣ ከአክራ እስከ ኩማሲ ባለው 250 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ዋንጫውም ሳይጫወት ለኤንግልበርት ተሰጠ።

እዚህ ላይ ማንንም ያለ አግባብ ላለመውቀስ እንጠንቀቅ። ኤንግልበርት በታዘዘው ቀን በታዘዘው ቦታ ተገኝቷል፤ ከዚህ በላይ የሚጠየቀው ነገር አልነበረም። ደግሞም እርሱ ራሱ ከተጎዱት አንዱ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም፤ በሜዳ ላይ ሊያገኘው ይችል የነበረውን ድል አጥቶ በምትኩ የጽሕፈት ቤት ውሳኔ ተሰጠው። የኮቶኮ ተጫዋቾች ግን ሁለት ጊዜ ተጫውተው ሳይሸነፉ፣ ስለ ሦስተኛው ሳያውቁ ተሸናፊ ተባሉ።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። ቍጥሮቹን እንደ ገና እንመልከታቸው። ኤንግልበርት በሰው አገር ያገባው አንድ ጎል ነው፤ ኮቶኮ ደግሞ ሁለት። ስለዚህ አውሮፓውያን ከሁለት ዓመት በፊት የጀመሩት ደንብ በዚህ ቢሠራበት ኖሮ ዋንጫው የኮቶኮ ይሆን ነበር። በሳንቲም ቢሆን ዕድላቸው እኩል ነው፤ በፔናልቲ ቢሆን ማን እንደሚረታ አይታወቅም። እነዚያው ሁለት ግጥሚያዎችና እነዚያው ስድስት ጎሎች እንደ ደንቡ ዓይነት ልዩ ልዩ አሸናፊ ይሰጣሉ ማለት ነው። «ታዲያ ኮቶኮ ተበደለ» የሚል ቢኖር ግን አንድ ነገር እናሳስበው፤ ደንቡ ሌላ ቢሆን ኖሮ ቡድኖቹም የሚጫወቱት በሌላ ዘዴ ነበር። ደንብ የሚጠቅመው ከግጥሚያው በፊት ሲታወቅ ነው። ከግጥሚያው በኋላ የሚፈለግ ደንብ ሁልጊዜ ለአንዱ የተበጀ ይመስላል።

የሁለቱ ቡድኖች ነገር በዚህ አላበቃም። ኤንግልበርት በ1968 የቶጎውን ኤትዋል ፊላንት በድምር 6 ለ 4 ረትቶ ዋንጫውን በእግሩ ወሰደ፤ ሻምፒዮን ለመሆን ብቃት እንዳልጎደለውም በዚህ አስመሰከረ። በ1969 በግብፁ ኢስማኢሊ ተሸነፈ። በ1970ው ውድድር ለአራተኛ ጊዜ በተከታታይ ለፍጻሜ ሲደርስ በፊቱ የቆመው ያው ኮቶኮ ነበር። በጃንዋሪ 1971 ኩማሲ ላይ ተገናኝተው እንደ ዱሮው 1 ለ 1 ወጡ። ሁለተኛው ግጥሚያም እንደ ዱሮው ኪንሻሳ ላይ ሆነ። በዚህ ጊዜ ግን ሦስተኛ ግጥሚያም፣ ሳንቲምም፣ መልእክተኛም አላስፈለገም፤ ኮቶኮ በባለ ሜዳው ሕዝብ ፊት 2 ለ 1 አሸነፈ። ይህን ዋንጫ ያገኘ የመጀመሪያው የጋና ክለብም ሆነ። ኤንግልበርትም በኋላ ማዜምቤ ተብሎ ዋንጫውን በ2009፣ በ2010ና በ2015 ደግሟል። ክለቡ አምስት ዋንጫ አለው ሲባል የ1967ቱም አብሮ ይቈጠራል፤ በመዝገቡ ላይ ከሌሎቹ አይለይም።

ከዚህ ሁሉ እኛ ተማሪዎች የምንቀስመው ምንድን ነው? በየፋኩልቲው መካከል በምናደርገው ውድድር ስንት ጊዜ ነው ግጥሚያው እኩል ለእኩል ካለቀ በኋላ ካፒቴኖቹ በሜዳው መካከል ተሰብስበው «አሁንስ እንዴት ይሁን?» እያሉ የሚጨቃጨቁት? ስንት ጊዜስ ነው ቀኑ ተለውጦ ማስታወቂያው ከተለጠፈበት ሰሌዳ ሌላ የትም ሳይደርስ የሚቀረው? ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የስፖርት ኮሚቴያችን ከመጪው ውድድር በፊት ሁለት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ እኩልነት ሲደርስ የሚሠራበት ደንብ አስቀድሞ ተጽፎ ለየቡድኑ ካፒቴን ይሰጥ። ሁለተኛ፣ የቀን ወይም የቦታ ለውጥ ሲኖር ካፒቴኑ ማወቁን በፊርማው ያረጋግጥ። ሥራው የአንድ ቀን ነው፤ የሚያስፈልገውም ጥቂት ወረቀትና አንድ የሚሮጥ ልጅ ብቻ ነው።