ልጅዎ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት፤ «ውጭ ልሂድ» ብላለች

ከጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ቢሉ፣ ማሽኑ ላይ የሚገለባበጠው የሕመምተኛ ወረቀት ብቻ አይደለም። ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሙያ ፈቃድና ፓስፖርትም ተራ ይጠብቃሉ። ከወረቀቶቹ ባለቤቶች አንዷ የእርስዎ ልጅ ወይም እህት ልትሆን ትችላለች። ተመርቃለች፣ የሙያ ፈቃድ ፈተናውን አልፋለች፣ አሁን ደግሞ ማታ ማታ ስልኳ ላይ የእንግሊዝኛ ፈተና ትለማመዳለች።

ነርስ መሆኗን ለዘመድ ሲናገሩ ሁሉም ደስ ይለዋል። «የምን ነርስ?» ሲባሉና «የአእምሮ» ሲሉ ግን ቡናው ዙሪያ ትንሽ ዝምታ ይወርዳል። ከዚያ አንዷ አክስት «አማኑኤል ነው እንዴ የምትሠራው?» ትላለች፤ አማኑኤል የሆስፒታል ስም መሆኑ ቀርቶ የበሽታ ስም የሆነ ይመስል። ውጭ አገር ይህ ሙያ እንደማንኛውም ሙያ ይከበራል መባሉም ልጅቱን ከሚገፏት ነገሮች አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

እዚህ ግን የሙያው ታሪክ የሚያሳፍር አይደለም። አማኑኤል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። በዚያው የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀመር፣ የሥነ አእምሮ ሐኪም በአገር ውስጥ የሚሠለጥንበት ትምህርት ገና አልነበረም፤ እሱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት በየክልሉ ሆስፒታል ሕመምተኛውን የሚመረምሩትም መድኃኒት የሚያዝዙትም በአብዛኛው እነዚሁ ነርሶች ነበሩ። እዚህ የለመደችውን ይህን ሥልጣን ይዛ አትሄድም። እንግሊዝ አገር አንዲት ነርስ መድኃኒት ማዘዝ የምትችለው ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ተጨማሪ ትምህርት ስትጨርስ ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይጠይቋት፦ ዲግሪዋ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው? ጠቅላላ ነርሲንግ ተምራ ኋላ ነው ወደ አእምሮ ሕክምና የገባችው ወይስ ከመጀመሪያው ሳይካትሪ ነርሲንግ ነው የተማረችው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የሚሄዱበትን አገር የሚወስነው ግን እሱ ነው።

ብሪታንያ የአእምሮ ሕክምና ነርስን ለብቻው ትመዘግባለች። አየርላንድም እንዲሁ። በካናዳ ደግሞ ይህን ሙያ ራሱን ችሎ የሚመዘግቡት በምዕራብ ያሉት አራት ክፍላተ ሀገር፣ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ አልበርታ፣ ሳስካችዋንና ማኒቶባ፣ እንዲሁም ዩኮን ናቸው፤ አክስቷ ቶሮንቶ ስላለች ብቻ ቶሮንቶ ይሆናል ማለት አይደለም። አሜሪካ በሩ ሌላ ነው። እዚያ የሚፈለገው የጠቅላላ ነርስ ትምህርት ነው፤ የአዋቂዎች ሕክምና፣ የእናቶች፣ የሕፃናትና የአእምሮ ሕክምና በክፍልም በሆስፒታልም የተማረች መሆኗ ይታያል። ሳይካትሪን ብቻ የተማረች ልጅ ገንዘብ ከፍላ ወረቀቷን ካስገመገመች በኋላ «ይጎድላል» ልትባል ትችላለች። ጀርመንም ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሥልጠናዋን ጠቅላላ አድርጋለች፤ የጎደለው በፈተና ወይም በማሟያ ሥልጠና ይሞላል፣ ጀርመንኛውም አለ። ስለዚህ ዕቁቡ ከመሰብሰቡ፣ መሬቱም ከመሸጡ በፊት ትራንስክሪፕቷን ከፊታችሁ ዘርግታችሁ አንብቡት። ቤተሰቦች ይህን የሚያደርጉት ብዙ ጊዜ ዘግይተው ነው።

የብሪታንያውን መንገድ ትንሽ ዘርዘር እናድርገው፤ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች አዘውትረው የሚጠይቁት እሱን ነው። የነርሶችና የአዋላጆች ምክር ቤት በአይኢኤልቲኤስ በማንበብ፣ በማዳመጥና በመናገር 7፣ በመጻፍ 6.5 ይጠይቃል። ቀጥሎ በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና አለ፤ አንዱ ክፍሉ የመድኃኒት መጠን ስሌት ነው። የመጨረሻው የተግባር ፈተና ነው፤ እሱን እዚያው ሄዳ ነው የምትወስደው።

አሁን ስለ ደላላው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት በርትቶባቸዋል ብሎ እ.ኤ.አ. በ2023 ከዘረዘራቸው 55 አገሮች አንዷ ናት። የብሪታንያ የቅጥር ደንብ ከእነዚህ አገሮች ሰው እየዞሩ መመልመልን ይከለክላል። ነርሷ ራሷ ማስታወቂያ አይታ በቀጥታ ብታመለክት ግን አይከለከልም። ከሥራ ፈላጊ የምልመላ ክፍያ መቀበልም በደንቡ የተከለከለ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ሆቴል ቤት ቡና ጋብዞ «የእንግሊዝ ሆስፒታል ልኮኝ ነው፤ ቀብድ ብቻ ክፈሉ» ካለ ሁለት ነገር ተላልፏል ማለት ነው። «መጀመሪያ አረጋዊ ተንከባካቢ ሆና ትግባ፣ ነርስነቱን እዚያ ትጨርሳለች» የሚሉም አሉ። ያ በር ከውጭ ለሚመጡ አዲስ ተቀጣሪዎች ከሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ተዘግቷል።

ወረቀቱ ሁሉ አለቀ እንበል። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዳይ ከወረቀቱ ይከብዳል፤ ለሌላ ነርስ ያን ያህል ላይከብድ ይችላል። የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ቁስል ስታጥብ ቁስሉ በየትኛውም ቋንቋ ቁስል ነው። የአእምሮ ሕክምና ነርስ የምትሠራው በንግግር ነው። እዚህ አንዲት እናት «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ስትላት ወይም አንድ ወጣት «ሰው አስጠላኝ» ብሎ ሲያቀረቅር፣ ቃሉ ምን ያህል ክብደት እንዳለው መዝገብ ሳትገልጥ ታውቀዋለች። እዚያ ሰውየው ፈገግ ብሎ «ትንሽ ደከም ብሎኛል» ይላታል፤ ድካም ይሁን ሌላ ነገር መለየት አለባት። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ እንዳለው በግልጽ መጠየቅ ይጠበቅባታል። እኛ ቤት «ክፉ አታናግሪው» ተብሎ ነው ያደገችው። በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክል ግን ተምራለች፤ ቀሪው አፍን ማለማመድ ነው።

ቤተሰብም የለም። እዚህ አስታማሚ አልጋው ሥር ያድራል፣ ጠበልም ይሁን ክኒን ያመጣል፣ ነርሷም ግማሹን ታሪክ የምትሰማው ከእሱ ነው። ለአካለ መጠን የደረሰ ሕመምተኛ «ለእናቴ እንዳትነግሪ» ካለ ግን እዚያ እናት በስልክ ብታለቅስም ዝም ማለት ግዴታዋ ነው። ሕጉም በእጇ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ በ1983ቱ እ.ኤ.አ. የአእምሮ ጤና ሕግ መሠረት፣ በፈቃዱ የተኛ ሕመምተኛ ልሂድ ቢል፣ ቢወጣ አደጋ አለው ብላ ካመነችና ሐኪም በቶሎ መድረስ ካልቻለ፣ የተመዘገበች የአእምሮ ሕክምና ነርስ እስከ 6 ሰዓት ልትይዘው ትችላለች። ይህን ሥልጣን ጠቅላላ ነርስ አታገኘውም። የ24 ዓመት ልጅ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በሁለተኛ ቋንቋዋ፣ የሰውን ነፃነት የምትወስንበት ሌሊት ሊመጣ ይችላል።

ለዚህ ነው እኔ ብጠየቅ «አንድ ሁለት ዓመት እዚህ ትሥራ» የምለው። አዲስ ተመራቂ መሆን በራሱ አያግዳትም፤ ጳውሎስ ወይም አማኑኤል ተረኛ ሆና ያደረች ልጅ ግን እጇ አይንቀጠቀጥም። ብዙ አሠሪዎችም ልምድ ይጠይቃሉ። «ደመወዙስ?» ካሉኝ መልስ የለኝም፤ ኪራዩን እርስዎ እየከፈሉላት ከሆነ ያውቁታል።

ከሄደች በኋላ የቤተሰብ ድርሻ ይመጣል። የመጀመሪያውን ዓመት ገንዘብ አትጠይቋት። የቤት ኪራይ መያዣና የፈተና ዕዳ ይኖርባታል፤ በታኅሣሥ ለንደን ላይ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፣ እሷ ደግሞ ቀን ተኝታ ሌሊት የምትሠራ ልትሆን ትችላለች። የሰው ጭንቀት ስትሰማ ያደረች ልጅ «ደህና ነኝ» ማለትን በሙያዋ ተክናበታለችና፣ ድምፅ ብቻ ሰምታችሁ አትርኩ፤ ምን በላሽ፣ ከማን ጋር ነው ያለሽው ብላችሁ ጠይቁ።

ከመሄዷ በፊት ደግሞ ከኮሌጇ ሬጅስትራር የኮርሶቹን ዝርዝርና የልምምድ ሰዓቶቿን በማኅተም አስወጡ። እሷ ውጭ ሆና ታናሽ ወንድሟ በውክልና ሲመላለስ የሚጠፋው ጊዜ ቀላል አይደለም። የስልኩንም ሰዓት ተስማሙ፦ በእነሱ ክረምት የሌሊት ተረኛ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስትወጣ፣ እዚህ ጳውሎስ ረፋድ 5 ሰዓት ነው፤ ቡና ተጥዶ ሊሆን ይችላል።