ጉንፋን ብለን የምንንቀው

የሞጣ ልጅ ነኝ፤ ቢቸና ለትምህርት የምመላለሰው በሚኒባስ ነው። ተሳፋሪ ሲያስል መስኮት ብከፍት፣ ከኋላ «ኧረ ዝጊው ልጄ፣ ብርድ ይመታናል!» የሚል አይጠፋም። ነፋሱ ምን አደረገ? ኢንፍሉዌንዛ የሚተላለፈው በሳልና በማስነጠስ ነው፤ ታማሚው ሕመሙ ሊሰማው አንድ ቀን ሲቀረው ጀምሮ ያስተላልፋል። አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ለምንከራይ ተማሪዎች ይህ ቀላል አይደለም።

ተራ ጉንፋን ቀስ ብሎ ይጀምራል። ኢንፍሉዌንዛ ግን ድንገት ነው፤ ጠዋት ደህና የነበረውን ማታ በትኩሳት፣ በራስ ምታትና በቁርጥማት ይጥለዋል። ዓባይ በረሃ ወርዶ የመጣ ሰው ከሆነ ወባም እንዲሁ ስለሚያደርግ ደም ይመርመር።

በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የፈጀው የኅዳር በሽታ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ኅዳር 12 ቆሻሻ አቃጥሎ የማጠኑ ልማድ ከዚያ ጋር ይያያዛል። ጭሱ ቫይረስ ያባርራል ብዬ ግን አላምንም፤ እጅን በሳሙና መታጠብና በክንድ ከልሎ ማሳል ይሻላል።

መድኃኒቱ እረፍት፣ ብዙ ፈሳሽና ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ነው። የእናቴ ዝንጅብል በማር ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ አልጠላውም። ከጓደኛ የተረፈ አሞክሲሲሊን መዋጥ ግን ከንቱ ነው፤ ቫይረስ አይነካም። ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ከለቀቀ 24 ሰዓት እስኪሞላ ክፍል አትግቡ። ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ደረት ከወጋችሁ ወይም ተሽሏችሁ ትኩሳቱ ካገረሸ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ።